ሚያዝያ 27፤ በአንድ ቀን የተጻፉ ሁለት ታሪኮች

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላል ያገራችን ሰው። ነገር ግን የተወጋው ሰው ሲያልፍ ልጆቹ፣ ልጆቹም ሲያልፉ የልጅ ልጆቹ ካልጠበቁት፣ መረሳቱ የማይቀር ነው። እኔም ይህን ጽሑፍ ለትምህርት ቤታችን መጽሔት ለማቅረብ የተነሣሁት ከረሱት አንዱ ሆኜ በመገኘቴ ነው እንጂ ዐዋቂ ነኝ ብዬ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት የአርበኞች የድል በዓል ሊከበር አንድ ቀን ሲቀረው፣ በጠዋቱ የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ስለ በዓሉ አጭር ንግግር እንዳደርግ ታዘዝሁ። ከተማሪዎችም ፊት ቆሜ፣ «ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከጠላት እጅ የወጣችበት፣ ጦርነቱም ፈጽሞ ያበቃበት ቀን ነው» ብዬ በታላቅ ድምፅ ተናገርሁ። ጭብጨባው ደመቀ። ወደ ክፍል ስንገባ ግን የታሪክ መምህራችን ጠሩኝና፣ «ልጄ፣ አነጋገርህ መልካም ነበር፤ ነገር ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ስሕተት አለ። አዲስ አበባ ከጠላት የወጣችው ከዚያ ቀን በፊት ነው፤ ጦርነቱም ያበቃው ከዚያ ቀን በኋላ ነው። እንግዲያስ ሚያዝያ 27 የምን ቀን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም መልስ አጥቼ አንገቴን ደፋሁ።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ ፈልጌ ያገኘሁት መልስ ነው። እንደኔ የተሳሳተ ጓደኛ ቢኖር አብሮኝ ይታረም፤ ያልተሳሳተም ቢኖር ዕውቀቱን ያጽናበት።

1ኛ፤ ስለ ቀኑ አቆጣጠር

አስቀድሞ ስለ ቀን አቆጣጠር ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ብዙዎቻችን የምንደናገረው ከዚህ ላይ ነውና። ሚያዝያ 27 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሜይ 5 ነው። ይህም በ1928 ዓ.ም. ሆነ በ1933 ዓ.ም.፣ ዘንድሮም ቢሆን ያው ነው። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ ስድስት ቀን ስትሆን፣ ተከታዩ መስከረም በእነርሱ ዘንድ አንድ ቀን ዘግይቶ ይብታል፤ ነገር ግን በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ 29 ቀን ስለሚሆን፣ ልዩነቱ የካቲት ሳያልቅ ይስተካከላል። ስለዚህ ከመጋቢት ወዲህ ያሉት ቀኖቻችን ከነሜይና ጁን ጋር ያላቸው ዝምድና በየዓመቱ አይናወጥም።

ይህ ዝምድና ግን ዘለዓለማዊ አይደለም። የዐድዋ ድል የሆነበት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በእነርሱ አቆጣጠር ማርች 1 ቀን 1896 ነበር፤ ዛሬ ግን የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ላይ ነው። ምክንያቱም በ1900 የፈረንጅ ዓመት ፌብሩዋሪ 28 ቀን ብቻ ስለ ነበረ ልዩነቱ በአንድ ቀን ጨመረ። እንደዚሁም በ2100 ሲደገም፣ እስከ 2091 ዓ.ም. ድረስ ሜይ 5 ላይ የሚውለው ሚያዝያ 27፣ ከ2092 ዓ.ም. ጀምሮ ሜይ 6 ላይ ይውላል። እኛ ግን በራሳችን ቀን መቍጠሪያ የምናከብር ስለ ሆነ በዓላችን ከቦታው አይነቃነቅም።

2ኛ፤ የመጀመሪያው ሚያዝያ 27

እኔ በዓል ብቻ መስሎኝ የነበረው ይህ ቀን፣ አስቀድሞ የሐዘን ቀን ነበር።

ፋሺስት ኢጣልያ ጦርነት ሳታውጅ የመረብን ወንዝ ተሻግራ አገራችንን የወረረችው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያውያን በየግንባሩ በጀግንነት ተዋጉ፤ ነገር ግን ከሰማይ በአውሮፕላን ለሚወርደው ቦምብና የመርዝ ጢስ መከላከያ አልነበራቸውም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው የመሩት የማይጨው ጦርነት መጋቢት 22 ቀን ተደርጎ ሠራዊታችን ተፈታ። ሚያዝያ 7 ቀን ደሴ ተያዘች። ሚያዝያ 18 ቀን ማርሻል ባዶልዮ ጦሩን በካሚዮን አስጭኖ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ማስጓዝ ጀመረ። ሚያዝያ 24 ቀን ሌሊት ንጉሠ ነገሥቱ በምድር ባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ፤ ሐሳባቸውም አቤቱታቸውን ለመንግሥታት ማኅበር ለማቅረብ ነበር።

የጠላት ጦር በጣርማ በር መንገዱ ተበላሽቶ ስለ ቆየው ወዲያው ሊደርስ አልቻለም። እንግዲህ ከሚያዝያ 24 እስከ 27 አዲስ አበባ ንጉሥም ጠላትም የሌለባት ከተማ ሆነች። በእነዚያ ቀኖች የሆነውን የነገረችኝ አያቴ ናት።

አያቴ በዚያ ጊዜ አልተወለደችም። እናቷ ግን የስምንት ዓመት ልጅ ሆና በአራዳ አቅራቢያ ትኖር ነበር። ስለ በዓሉ እንድትነግረኝ ብጠይቃት አያቴ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። በኋላም፣ «ልጄ፣ ጣልያን ገና ሳይገባ ከተማውን ያቃጠልነው እኛው ነን። እናቴ የምታስታውሰው የጣልያንን ባንዲራ አይደለም፤ ጭሱን ነው። ሱቁ ሲሰበር፣ ሰው ጨርቅና ስኳር ተሸክሞ ሲሮጥ፣ ጥይት ሲንጫጫ፣ አባቷም ልጆቹን በአልጋ ሥር አስገብቶ በሩን በድንጋይ ሲደግፍ ነው። ይህን ግን አትጻፈው፤ ለሰው የሚነገር አይደለም» አለችኝ።

እኔም ነገሩን ከታሪክ መጻሕፍት ጋር አስተያየሁት። እውነት ነው። ከሰሜን ግንባር ተበትኖ የተመለሰው ወታደርና ከከተማውም ሕዝብ ብዙው መደብሮችን ዘረፈ፤ ቤቶችም ተቃጠሉ፤ የውጭ አገር ሰዎች በየሌጋሲዮኑ ግቢ ተጠለሉ። ባዶልዮ ማክሰኞ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ሲገባ የገባባት ከተማ ጭሷ ያልጠፋ ከተማ ነበረች። በዚያው ምሽት ሙሶሊኒ በሮማ ከሰገነቱ ላይ ቆሞ ኢትዮጵያ የኢጣልያ ሆነች ብሎ ለሕዝቡ አወጀ። አራት ቀን ቆይቶም፣ ግንቦት 1 ቀን፣ ቪክቶር ኢማኑኤል የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ተባለ።

እንግዲህ አንባቢዬ ሆይ፣ ይህን ለምን ጻፍህ ትለኝ ይሆናል። ወደ አያቴ ተመልሼ ያልኋት ቃል ይህ ነው፤ «እማማ፣ በሽታውን የሚደብቅ ሰው መድኀኒት አያገኝም። ደግሞም ይህ ካልተነገረ የሁለተኛው ሚያዝያ 27 ክብር ግማሹ ይጎድላል።» እርሷም ጥቂት አሰበችና፣ «እንግዲያስ ጻፈው፤ ግን ሌላውንም ሳትጨምር እንዳትተው» አለችኝ። ሌላው ያለችው ምን እንደ ሆነ ወደ ፊት እናገራለሁ።

3ኛ፤ በሁለቱ ቀኖች መካከል

በሁለቱ ሚያዝያ 27 መካከል ልክ አምስት ዓመት አለ። የዚህን ዘመን ታሪክ በሙሉ መጻፍ የዚህ መጽሔት ገጽ አይበቃውም፤ ሆኖም ያለ እርሱ ሁለተኛው ቀን ሊገባን ስለማይችል ዋና ዋናውን እጠቅሳለሁ።

ከተማይቱ ተያዘች እንጂ አገሪቱ አልተያዘችም። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቭ ቆመው የዓለምን መንግሥታት ወቀሱ፤ ሰሚ ግን አላገኙም። ከዚያ በኋላ ወረራውን በሕግ አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች፤ በአዲስ አበባ የሜክሲኮ አደባባይ የሚባለው ስሙ ከዚህ የመጣ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስ ለወራሪው አልገዛም በማለታቸው በአዲስ አበባ በጥይት ተገደሉ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ጣሉ፤ ጠላትም በዚህ ምክንያት በሦስት ቀን ውስጥ የፈጀውን ሕዝብ የኢትዮጵያ መንግሥት 30 ሺህ ብሎ ቈጥሮታል። ግንቦት 13 ቀን 1929 ዓ.ም. ደግሞ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ።

ይህ ሁሉ ግፍ ሕዝቡን ያንበረክከዋል ተብሎ ነበር፤ ነገር ግን ዱር ቤቴ ያለውን ሰው አበዛው። በሸዋ እነራስ አበበ አረጋይ፣ በጎጃም እነበላይ ዘለቀ፣ በደቡብ ምዕራብ እነገረሱ ዱኪ፣ በከተማም ውስጥ መረጃና ስንቅ በማቀበል እነሸዋረገድ ገድሌ አምስቱን ዓመት ሙሉ ለጠላት እንቅልፍ ነሡት። ጠላት በምሽጉና በመንገዱ ላይ ጌታ ነበር፤ ከመንገዱ ጥቂት ራቅ ካለ ግን አገሩ የአርበኞች ነበረ።

ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ኢጣልያ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ስታውጅ ነገሩ ተለወጠ። እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ ትመለከት የነበረችው እንግሊዝ በግድ ረዳታችን ሆነች።

4ኛ፤ ሁለተኛው ሚያዝያ 27

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ተነሥተው በኦሜድላ በኩል የኢትዮጵያን ምድር ረገጡ፤ ሰንደቅ ዓላማችንም በዚያ ተሰቀለ። ከእርሳቸው ጋር ኮሎኔል ዊንጌትና ብርጋዴር ሳንድፎርድ፣ የኢትዮጵያና የሱዳን ወታደሮችም ነበሩ። ጕዞው መንገድ በሌለው በረሓ ስለ ሆነ ስንቅና ጥይት የተጫነው በግመል ነበር፤ ብዙ ሺህ ግመሎችም ወደ ጎጃም ደጋ ሲወጡ አለቁ። የጎጃም አርበኞች ግን መንገዱን አስቀድመው አዘጋጅተውት ነበር።

በሰሜን በኩል የእንግሊዝ ጦር ከብርቱ ውጊያ በኋላ መጋቢት 18 ቀን ከረንን ያዘ። በደቡብ በኩል ደግሞ ጄኔራል ካኒንግሃም ከኬንያ ተነሥቶ በሶማሊያና በሐረር አድርጎ ገሠገሠ። ከዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል የምፈልገው አንድ ቀን አለ፤ እርሱም መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን የካኒንግሃም ጦር፣ በውስጡም የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች፣ አዲስ አበባ ገባ። በዚያው በመጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ገና ደብረ ማርቆስ መግባታቸው ነበር።

እንግዲህ ከተማይቱ መጋቢት 28 ከተያዘች፣ ንጉሠ ነገሥቱ እስከ ሚያዝያ 27 ድረስ አንድ ወር ያህል ስለ ምን ዘገዩ? የእንግሊዝ የጦር አዛዦች እንዲቆዩ ስለ ፈለጉ ነው። በአዲስ አበባ ብዙ ሺህ የኢጣልያ ሲቪሎች፣ ሴቶችና ሕፃናትም ነበሩ፤ ንጉሡ ከነአርበኞቻቸው ቢገቡ የየካቲት 12 ቂም ተነሥቶ ደም ይፈስሳል ብለው ፈሩ። ንጉሠ ነገሥቱም ከብዙ ክርክር በኋላ ወደ መዲናቸው ተጓዙ፤ የገቡበትም ቀን ከተማይቱ በጠላት እጅ ከወደቀች ልክ አምስተኛ ዓመቱ፣ ሰኞ ሚያዝያ 27 ቀን ሆነ።

በዚያን ቀን ከእንጦጦ በኩል ሲወርዱ ዊንጌት በፈረስ ከፊት ይመራ ነበር፤ የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች ጸጕራቸውን እንዳጎፈሩ መሣሪያቸውን ይዘው በመንገዱ ዳር ቆመው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ባደረጉት ንግግር ሕዝባቸው በክፋት ፈንታ ክፋት እንዳይመልስ፣ ጠላት በእኛ ላይ የሠራውን ግፍ እኛ በእርሱ ላይ እንዳንሠራ አጥብቀው አዘዙ። የተፈራውም እልቂት አልደረሰም።

አያቴ «ሌላውንም ጻፍ» ያለችኝ ይህን ነው። በ1928 ዓ.ም. ከአልጋ ሥር የተደበቀችው ልጅ በ1933 ዓ.ም. የ13 ዓመት ልጅ ሆና በእንጦጦ መንገድ ዳር ቆማ ነበር። ከአጠገቧም የቆመች አንዲት ሴት በየካቲት 12 ልጆቿን ያጣች ነበረች። የኢጣልያ ሰዎች የሚኖሩበት ቤት ከመንገዱ ብዙ አይርቅም ነበር፤ መስኮቱም ተዘግቶ ነበር። «እናቴ ትል የነበረው» አለች አያቴ፣ «ያቺ ሴት ወደ መስኮቱ አየች፤ ድንጋይም አላነሣችም። እልል አለች እንጂ።»

በመጀመሪያው ሚያዝያ 27 ጠላት ሳይነካን የራሳችንን ቤት ያቃጠልን ሕዝብ፣ በሁለተኛው ሚያዝያ 27 ጠላታችን በእጃችን ሳለ የእርሱን ቤት አላቃጠልንም። ለእኔ የዚህ ቀን ታላቅ ድል ይህ ይመስለኛል።

5ኛ፤ ስለ ሁለቱ ስሕተቶቼ

አሁን መምህሬ ወዳረሙኝ እመለሳለሁ። አዲስ አበባ ከጠላት እጅ የወጣችው በመጋቢት 28 እንጂ በሚያዝያ 27 እንዳልሆነ አይተናል። ጦርነቱም በሚያዝያ 27 አላበቃም። የኢጣልያ ጦር የበላይ አዛዥ የነበረው የአኦስታ መስፍን በአምባ አላጌ እጁን የሰጠው በግንቦት ወር ነው። በጎንደር የነበረው የመጨረሻው ትልቅ ጦር የተሸነፈው ደግሞ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። እንዲያውም ከሚያዝያ 27 በኋላ ከወዳጅ ጋር የሚደረግ ሌላ ትግል ቀርቶ ነበር፤ እንግሊዞች አገሪቱን ከጠላት እንደ ተያዘ ግዛት ያስተዳድሩ ነበርና። ንጉሠ ነገሥቱ ግንቦት 3 ቀን 1933 ዓ.ም. ሚኒስትሮቻቸውን በመሾም የመንግሥትን ሥራ ጀመሩ፤ ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር ስምምነት ተፈረመ፤ ይህም በ1937 ዓ.ም. በተሻለ ውል ተተካ።

6ኛ፤ በዓሉ ስለ ተዛወረበት ዘመን

ሚያዝያ 27 ለብዙ ዘመን በታላቅ ሥነ ሥርዓት ሲከበር ኖሮ፣ በደርግ ዘመን የድሉ በዓል ወደ መጋቢት 28 ተዛወረ። ምክንያቱን ማወቅ አያስቸግርም፤ ደርግ ንጉሡን ከዙፋን ያወረደ መንግሥት ስለ ሆነ፣ ንጉሡ የገቡበትን ቀን ማክበር አልወደደም። ደርግ ከወደቀ በኋላ በዓሉ እንደገና ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ፤ እነሆ እስከ ዛሬ በአራት ኪሎ በሚያዝያ 27 አደባባይ አባት አርበኞች በተገኙበት የአበባ ጕንጕን ይቀመጣል።

በክፍላችን በዚህ ነገር ብርቱ ክርክር አድርገናል። አንዳንድ ጓደኞቼ፣ «ከተማይቱ በእውነት ነጻ የወጣችው መጋቢት 28 ነው፤ ታሪክ ደግሞ እውነትን መከተል አለበት» አሉ። ይህ ክርክር ቀላል አይደለም። ሌሎቹም፣ «ሚያዝያ 27 የአንድ ሰው መግቢያ ቀን ነው፤ አርበኛው ግን አምስት ዓመት ሙሉ በዱር ነበር» አሉ። ይህም እውነትነት አለው።

እኔ ግን ሁለቱንም ሰምቼ በሚያዝያ 27 ጸናሁ። ምክንያቴም ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ መጋቢት 28 አንድ የውጭ ጦር ወጥቶ ሌላ የውጭ ጦር የገባበት ቀን ነው፤ ሚያዝያ 27 ግን ባለቤቱ ወደ ቤቱ የገባበት ቀን ነው። በዚያ ቀን በመንገዱ ግራና ቀኝ የቆሙት አርበኞች እንጂ እንግዶች አልነበሩም። ሁለተኛው፣ መጋቢት 28 የሚያስታውሰን ድልን ብቻ ነው፤ ሚያዝያ 27 ግን ውድቀታችንንም ድላችንንም በአንድ ላይ ያስታውሰናል። ድሉን ብቻ የሚያስታውስ ሕዝብ ይኮራል፤ ውድቀቱንም የሚያስታውስ ግን ይጠነቀቃል።

7ኛ፤ ከዚህ የምንማረው

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ከዚህ ጥናት ለራሴ ያገኘሁትን ሦስት ነገር ላካፍላችሁና ልፈጽም። አንደኛ፣ በዓልን ከማክበር በፊት በዓሉ የምን እንደ ሆነ መመርመር ይገባል፤ ጭብጨባ እውነትን አይተካም። ሁለተኛ፣ በቤታችን ያሉትን ሽማግሌዎች እንጠይቅ፤ አርበኞቹን በዓይናቸው ያዩት እያለፉ ነው፤ ከእነርሱ የሰሙትም አርጅተዋል። አያቴን ባልጠይቃት ኖሮ የዚያች ልጅ ነገር ከእርሷ ጋር ይቀበር ነበር። ሦስተኛ፣ ጠላት ከደጅ ሲደርስ እርስ በርስ ከመዘራረፍ ይሠውረን፤ እጃችን ሲበረታም እንደዚያች ሴት ድንጋይ ከማንሣት ይጠብቀን።

ለመምህሬም ጥያቄ መልሴ ይህ ነው። ሚያዝያ 27 ጦርነቱ ያበቃበት ቀን አይደለም፤ ከተማይቱ ከጠላት የወጣችበትም ቀን አይደለም። ቤቱን በአንድ ቀን የተነጠቀ ሕዝብ በዚያው ቀን ተመልሶ የገባበት ቀን ነው። ዘንድሮ በሰንደቅ ዓላማው ሥር ንግግሩን እንደገና እንዳደርግ አመልክቼ ተፈቅዶልኛል፤ በዚህ ጊዜ ግን የምጀምረው ከ1933 ሳይሆን ከ1928 ዓ.ም. ነው። አያቴም መጥታ እንድትሰማ ጠይቄአታለሁ።